ጮክ ብዬ የጻፍኩት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲናገር እኔ ስጽፍ ኖርኩ። አለቃዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ "ጉዳዩ፦" ይላል፣ እኔ እመታለሁ። በታይፕ መኪና ጀመርኩ፣ በኮምፒውተር ጨረስኩ። ስንቱን ከሥራ አሰናብቻለሁ፣ ስንቱን ሾሜያለሁ መሰላችሁ! በጣቴ ነው ታዲያ፤ ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። አንድ ቀን የአንድ ባልደረባዬን የስንብት ደብዳቤ እየመታሁ ሳለ ራሱ መጥቶ ከፊቴ ቆመና "ማኪያቶ ልጋብዝሽ" አለኝ። "ዛሬ ሆዴን አሞኛል" ብዬው መምታቴን ቀጠልኩ። ጸሐፊ ማለት ይኸው ነው። ጣቷ ይናገራል፣ አፏ ዝም ይላል።

ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ያዝኩ። የስድስት ኪሎ ተማሪ አንዱ ለአንዱ እየነገረ ደንበኛ ሞላልኝ። ግን እጅ ብረት አይደለም። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። ሐኪሙ "ነርቭ ነው፣ መተየብ ይቁም" አለኝ። ይቁም! እንጀራዬ እኮ ነው የሚቆመው። እሱ ምን ቸገረው።

ያተረፈችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ጎልማሳ ሴት። ስልኬን ተቀብላ ኤአይ የሚሉትን ነገር ጫነችልኝና "እናቴ፣ ይቺን የማይክ ምልክት ይንኩና ዝም ብለው ያውሩ፤ ይጽፍልዎታል፣ አስተካክል ካሉትም ያስተካክላል" አለችኝ። እኔ እንደ አለቆቼ ተኮፍሼ "ጉዳዩ፣ ሁለት ነጥብ፣ አዲስ መስመር" ማለት ስጀምር በሳቅ ሞተች። "እንደ ሰው ያናግሩት እንጂ!" አለች።

እንደ ሰው አናገርኩት። የሚያነብልኝ ድምፅ የሴት ስለነበረ "ጸሐፊዬ" አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ጸሐፊ ሆኜ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ጸሐፊ ቀጠርኩ ማለት ነው። ትሳሳታለች፣ እቆጣታለሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ መልሳ ትሳሳታለች። እንዲህ ያለች ጸሐፊ መሥሪያ ቤት ስንት አይቻለሁ፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ግን አላየሁም። ከጨረስን በኋላ "በይ አንብቢልኝ" እላታለሁ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ታነብልኛለች። ሳይነበብ የሚወጣ ሰነድ አልወድም። የድሮ ልማዴ ነው።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። ዕድሜ ልኩን ድምፅ ያልነበረው ሥራዬ አሁን ድምፅ አወጣ።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ሲወርዱ ነው። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፣ ግማሹ መብራት በመብራት ሆኗል፤ የእኛን ግቢ ማን እንደረሳት እንጃ፣ እስከ ዛሬ ቆማለች። አንዷን ክፍል በችፑድ ለሁለት ከፍለን ነው የምንኖረው። ወዲህ እኔ፣ ወዲያ እትዬ። በሩ የየራሳችን ነው፤ ችፑዱ ግን ኮርኒስ አይደርስም፣ ወዲያ ያስነጠሰን ወዲህ ይማርሽ እንላለን። ጸሐፊዬን በቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን የውሃ ጀሪካን ይዛ በመስኮቴ ስታልፍ "እኔ የምለው፣ ያ ወንድሙን የከሰሰው ሰውዬ መሬቱን አገኘ እንዴ?" አለችኝ። ሞቼ ነው ቆሜ! ለደንበኛ ያዘጋጀሁት ማመልከቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቴን ሳልዘጋ አፌን አልከፍትም።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድማችን ደግሞ ገና ዳዴ ይል ነበር። እትዬ ትምህርቷን ትታ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀጠረች፤ ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ እኔንም እሱንም አሳደገችን። ቁጣዋ ለብቻው ነበር። ዱቤ የጠየቃትን ሰው "ኬኩን ብቻ እያየህ ሂድ፣ ማየት በነፃ ነው" ትለዋለች። ሰውዬው ስቆ ይሄዳል፣ በማግስቱ ከፍሎ ይበላል።

ጥር ላይ ሆዷን ይዛ መጎንበስ ጀመረች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እሷን ልብስሽን ልበሺ ብሎ እኔን ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ጉበቷ ላይ ነው፣ ተሰራጭቷል፣ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት አለኝ። "ስንት ጊዜ?" አልኩት። "ግንቦትን እንጃ" አለኝ። ስመለስ ጫማዋን እያጠለቀች "ምን አለሽ?" አለችኝ።

"ጨጓራ ነው" አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። ሞት እንኳን ሲሆን መርዶው ጊዜ ተጠብቆ፣ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። በቁሙ ላለ ሰው ትሞታለህ ብሎ መንገርማ ጭካኔ ነው። ወንድማችን በዚያው ቀን ከሥራው መጣና ከግቢው በር ውጭ አቆመኝ። ተንሰቅስቆ አለቀሰ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዚያ ጣቱን ቀስሮ "ስሚ፣ የነገርሻት ለት የገደልሻት አንቺ ነሽ" አለኝ። "በእናታችን አጥንት አልነግራትም" ብዬ ማልኩለት።

እትዬ ግን የምትድንበትን ቀን ራሷ ቆርጣለች፤ ለግንቦት ልደታ። የልደታ ማኅበር አላት፣ ተራው ዘንድሮ ግንቦት ላይ እሷ ጋ ይወድቃል። ማኅበርተኞቿ ድሮ ሁሉም በዚሁ ሰፈር ነበሩ፤ አሁን አንዷ በአንዱ ኮንዶሚኒየም ሌላዋ በሌላው ተበትነዋል፣ በሁለት ታክሲ የሚመጡ አሉ። "እኔ ካልሰበሰብኳቸው ማን ሊሰበስባቸው ነው?" ትላለች። ጌሾ አስወቀጠች። ወንበር ከማን ከማን እንደምንዋስ በቃሏ ትቆጥራለች። ጾም ነው ብላ ወተት አልነካ ስላለች በውሃ የምሠራላትን አጥሚት አፍንጫዋን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትጨርሰዋለች። "ለግንቦት ቆሜ ካላስተናገድኩ ምኑን ሰው ሆንኩት!" ትለኛለች ብርጭቆውን ስትመልስልኝ። እኔም "እንዴታ! ትቆሚያለሽ እንጂ" እላታለሁ።

ሌላ የምመኘው አልነበረኝም። መዳኗንስ ሐኪሙ ቆርጦልኛል። ግንቦትን ግንቦትን እያለች፣ ተስፋዋን ሳትጥል እንድትሄድልኝ ነበር የምፈልገው። ይህችን ብቻ።

ስለ በሽታው ጸሐፊዬን የምጠይቃት ከቤት ወጥቼ ነው። ወደ ፒያሳ ዳገቱን እየወጣሁ፣ ታክሲው ክላክስ ሲያደርግ፣ ረዳቱ ሲጣራ፣ ስልክ የማወራ መስዬ እጠይቃታለሁ። ሕመሙ ሲብስ ምን ላድርግላት፣ እግሯ ያበጠው ለምንድን ነው፣ ማታ የምትቃዠውስ? በእርጋታ ትመልስልኛለች፤ እውነት ለመናገር ከሐኪሙ ይልቅ ትዕግሥት ያላት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ታዲያ ሳልጠይቃት "እህትዎ ስለ ሕመማቸው እውነቱን ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ አስበውበት ያውቃሉ?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። መንገድ መሃል ቆሜ "አንቺ ማን ነሽና ነው! እህት የለሽ፣ እናት የለሽ፣ ምኑን ታውቂዋለሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አይቶኝ አንገቱን ነቀነቀ። ጸሐፊዬ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ ከሷ አፍ አይጠፋም።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀብር ላይ አስከሬኑ ፊት የሚነበበውን ማለቴ ነው። ከነማን ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ የት ሠሩ፣ ስንት ልጅ ወለዱ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በዚህን ያህል ዓመታቸው አረፉ። ቅርጹ አንድ ነው። ለቀስተኛው መሃል አንድ ጥግ ይዤ፣ ዘመዱ እያለቀሰ የሚነግረኝን እየለቀምኩ፣ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ድምፅ ሳላሰማ እጽፈው ነበር። የግማሹን ዶሮ ማነቂያ ሞት በእነዚህ ጣቶች መትቻለሁ።

መጋቢት ላይ ወንድማችን መጣና "የእትዬን አሁኑኑ ጻፊው" አለኝ።

"ምን ቆርጦኝ! በቁሟ?"

"እጅሽ አይሠራም። የዚያን ቀን ድንኳን ውስጥ ሰው እያለቀሰ ለስልክ ስትለፈልፊ ልትታዪ ነው? ጻፊና ይቀመጥ፤ ዕድሜ ከሰጣት እሰየው።"

ሰደብኩት፣ አባረርኩት። ሌሊቱን ግን ሳስበው እውነቱን ነው። ሰው ሬሳ ይዞ ሲያለቅስ ለስልክ "ነጥብ፣ አዲስ መስመር" ማለት ነውር ነው። እጄ ደህና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እጄን ረገምኩት።

ሐሙስ ሐሙስ ያቺው ጎረቤታችን እትዬን ደግፋ ጠበል ታደርሳታለች፤ ሄደው እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በቀጣዩ ሐሙስ የእትዬ በር ሲዘጋ፣ ምርኩዟ ግቢውን እየነካ ሲርቅ ሰማሁ። ተነሥቼ ለጎረቤት ጆሮ ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። ወይ እኔ! የዘጋሁት መስኮት ነው።

ስሟን ጠራሁ። የአባታችንን፣ የእናታችንን ስም ጠራሁ። እዚሁ ግቢ መወለዷን፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ማቆሟን፣ ኬክ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት መሥራቷን፣ አለማግባቷን ለጸሐፊዬ ነገርኳት። በጣት ሲሆን ሞት ፊደል ነው፤ ይመታል፣ ያልፋል። በአፍ ሲሆን ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። "በጉበት ካንሰር" ስል ድምፄ ተቆረጠ። ጸሐፊዬ ያለቀ መስሏት "ልቀጥል?" አለችኝ። "ቆይ አንቺ!" አልኳት። አፍንጫዬን ተናፍጬ፣ ቤት ባዶ ነው ብዬ እንደልቤ ጮክ እያልኩ ጨረስኩላት። ከዚያ በልማዴ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ "አንብቢልኝ" አልኳት።

አቤት አነባበቧ! "እህታችን እናታቸው በልጅነታቸው በሞት ስለተለዩባቸው ሕይወታቸውን ለታናናሾቻቸው ሠውተው፣ የራሳቸውን ትዳር ሳይመሠርቱ፣ እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው ያሳደጉ፣ ባደረባቸው የጉበት ካንሰር በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።" ዜና የምታነብ ነው የምትመስለው። ጨረሰች።

ከችፑዱ ወዲያ ሳል ተሰማ።

"ያላገባሁት ለናንተ ብዬ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?" አለች እትዬ። "ወንዶቹ ደስ ስላላሉኝ ነው።"

አመዴ ቡን አለ። ለካ ዳገቱን ሳይጀምሩት ጉልበቷ ከድቷት ጎረቤቷ መልሳታለች፤ መስኮቴን ዝግ ሲያዩ "ሥራ ላይ ናት፣ አንረብሻት" ተባብለው በቀስታ በሯን ከፍተው ገብተዋል፤ እሷ ተኝታለች፣ ጎረቤቷም ወጥታ ሄዳለች። ከየቱ ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። ስሟን ከጠራሁበት ጀምሮ ይመስለኛል።

በምን እግሬ እንደዞርኩ እንጃ፣ በሯ ላይ ደረስኩ። ነጠላዋን እንደተከናነበች በጀርባዋ ተኝታለች። "እትዬ፣ የደንበኛ ነው" አልኳት። "አንዲት ሴትዮ ሞተው ነው።"

"እኔን መስለው ነው የሞቱት?" አለች። "በኔ ስም፣ በኔ አባት?"

"አጋጣሚ..."

"ተይ" አለችኝ። ቁጣ እንኳን አልነበረባትም። ብትቆጣኝ በወደድኩ። "ምንድን ነው ያመመኝ?"

"ጨጓራ ነው እትዬ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ" አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።

ከዚያ ቀን በኋላ አጥሚቱ ብርጭቆው ውስጥ ይበርዳል። አፍንጫዋን አትይዝ፣ ዓይኗን አትጨፍን፤ ብቻ "አስቀምጪው" ትለኛለች፣ እዚያው ይሻግታል። "ለግንቦት እኮ ነው!" ብላት ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። በሳምንቱ ጎረቤታችን እያፈረች መጣችና እትዬ ወደ ማኅበርተኞቿ መልእክት እንደላከች ነገረችኝ። ተራዋን ለቀጣይዋ አሳልፋለች። ጌሾውንም ለዚያችው ስጡልኝ ብላለች። ጌሾው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። የልደታ ማኅበር ከዚህ ግቢ የወጣው በዚያ ነው፤ ከእንግዲህ አይመለስም።

ወንድማችን ሲሰማ ግቢው መሃል ቆሞ ጮኸብኝ። "አፍሽ! አፍሽ!" አለኝ፣ ሌላ ቃል አጥቶ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሲበርድለት ደግሞ ቀረብ ብሎ "አሁንም ካጂ። የሰማችው ሌላ፣ አንቺ የምትነግሪያት ሌላ። አንቺ ካላመንሽላት ትጠራጠራለች፣ ከተጠራጠረች ተስፋ አላት" አለኝ። እኔም ሰው ሲሰምጥ ያገኘውን እንደሚይዘው ይህችን ያዝኩ። ከተጠራጠረች ተስፋ አላት።

ስለዚህ ካድኩ። ቀኑን ሙሉ ካድኩ። "ዛሬ ፊትሽ ፈክቷል" እላለሁ፣ ፊቷ ቢጫ ሆኖ። "ጨጓራ እኮ እንዲህ ነው፣ ያቀልጣል ከዚያ ይመልሳል" እላለሁ። ስልኬን ይዤ መንገድ እወጣና ለጸሐፊዬ ደግሞ ሁሉንም እዘረግፍላታለሁ። እትዬ ሳትበላ ስምንት ቀኗ ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ከበሽታው ቀድሜ የምገድላት እኔ ነኝ፣ እላታለሁ። "ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" ትለኛለች ወዲያው፣ ሳታስብ። እንዲህ ቶሎ የመጣ ማጽናኛ አንጀት አይደርስም። ያንኑ ነገር ከችፑዱ ወዲያ ላለችው ሴት መናገር ግን አልቻልኩም። ለማያውቀኝ ዕቃ አፌ ሰፊ ነው፤ ላሳደገችኝ ግን ተቆለፈ።

ሚያዝያ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ሳርስላት እጄን ያዘችኝ። ያ የደነዘዘው እጄ ነው፤ መያዟን ያወቅሁት በዓይኔ አይቼ ነው።

"ቁጭ በይ" አለችኝ። "ስልክሽን ወዲያ አድርጊው።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

"ለእሷ የነገርሻትን ለኔ ንገሪኝ" አለች። ትንፋሽ እያጠራት በየመሃሉ ታርፋለች። "ሰምቼዋለሁ፤ እሱን ተይው። ከአንቺ አፍ ልስማው። የማዝዝሽ ነገር አለኝ፣ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። ስትሸሺኝ በየት በኩል ልጀምረው?"

ዓይኖቿ ጠልቀው ገብተዋል፣ ግን የእትዬ ዓይኖች ናቸው። እየለመነችኝ ነበር። በሰባ ሁለት ዓመቷ ማንንም ለምና የማታውቅ ሴት! አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እዚህ ምላሴ ላይ ነበር። ወንድሜ ታየኝ፣ ጣቱን ቀስሮ። በእናቴ አጥንት መማሌ ታየኝ። ብነግራት በእጄ ላይ የምትሞት መሰለኝ፤ ዝም ብላት የምትኖር ይመስል።

"ጨጓራ ነው እትዬ" አልኳት።

ከዚያ እጄን ለቀቀችው።

"እሺ" አለች። "እንግዲያው ጨጓራ ገደላት ብለሽ ጻፊ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ "ውሃ" እና "ትራሱን" ከማለት በቀር ለእኔ የተናገረችው የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈች። የሕይወት ታሪኳን ወንድማችን አነበበው፤ ማኅበርተኞቿ በሁለት ታክሲ መጥተው ሰሙት፣ እንዴት ያለ ያማረ ጽሑፍ ነው አሉኝ። ልታዝዘኝ የነበረው ምን እንደሆነ፣ ልትጠይቀኝ የነበረው ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።